የሮዙ ኩላንት ነገር

አንድ እንግዳ መጥቶ «የጋራዡን ኃላፊ ፈልጌ ነበር» ቢል ግቢው ውስጥ ቶሎ የሚመልስለት አያገኝም። «ሁለት ቁልፍ» ካለ ግን ከበር ጠባቂው ጀምሮ ሁሉም በአገጩ ወደ ጋራዡ ያመለክተዋል። ስሙ የወጣለት የመሣሪያ ሣጥኑን በሁለት ጓጉንቸር ስለሚቆልፍና ሁለቱን ቁልፎች በተለያየ ኪስ ስለሚይዝ ነው። ታናሽ እህቱ «የኔ ወንድም ጥላው ሲከተለው ዞር ብሎ መታወቂያ የሚጠይቅ ሰው ነው» እያለች ጎረቤት ታስቅበታለች።

ሰው ግን ከእናቱ ሆድ ጠርጣራ ሆኖ አይወጣም። ሁለት ቁልፍ ገና ወጣት መካኒክ ሳለ፣ እንደ ወንድም የሚያየው አንድ የመለዋወጫ ነጋዴ የታሸገ የፍሬን ዘይት ሰጠው። ጣሳው አዲስ፣ ማሸጊያው ያልተነካ ነበር። ውስጡ ምን እንደተቀላቀለበት ግን እግዜር ይወቀው፤ የመኪናው ፍሬን ቁልቁለት ላይ እምቢ አለ። ይነዳ የነበረው ባልደረባው ከአደጋው አንድ እግሩን አጥቶ ወጣ። ባልደረባው ይቅር ብሎታል፣ ዓመት በዓል ሲሆን አሁንም ይደዋወላሉ። ራሱን ይቅር ያላለው እሱ ነው። «ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ» የሚለውን ተረት ከዚያን ቀን ወዲህ እንደ ጸሎት ይደግመዋል። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው ነገሩ።

መሥሪያ ቤቱ የአየር ጠባይ የሚለኩ ጣቢያዎችን ይጠብቃል። አንዱ ጣቢያ ያለው በረሃ ውስጥ ነው፤ እዚያ በቀትር የመኪናውን በር በባዶ እጅ የነካ ሰው እጁን እየነፋ ይመለሳል። ሌላው ጣቢያ ደግሞ ተራራ ጫፍ ላይ ነው፤ ሲነጋ ሣሩ ላይ ያለው ጤዛ እንደ መስታወት ደርቆ ይገኛል። ሁለቱንም በአንድ ጉዞ የሚያዳርሱ ሁለት አገር አቋራጭ መኪኖች አሉ። መኪናው ዛሬ ይጠበሳል፣ ከነገ ወዲያ ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ ሁለት ቁልፍ ከምንም ነገር በላይ የሚጨነቀው ራዲያተሩ ውስጥ ለሚገባው ኩላንት ነው። ሞተሩን እየዞረ ሙቀት የሚያወጣው፣ ብርድ ሲመጣም ውሃው በረዶ ሆኖ ብረቱን እንዳይሰነጥቅ የሚጠብቀው እሱ ነዋ።

«ሙቀት ውሃ ይወዳል፣ ብርድ ኩላንት ይወዳል» ይላል ሁልጊዜ። «ኩላንቱ ሲበዛ በረሃ ላይ ሞተሩ ይግላል፣ ውሃው ሲበዛ ተራራ ላይ ይቀዘቅዛል። ሁለቱንም የሚሄድ መኪና ግማሽ በግማሽ ነው የሚጠጣው። ውሃውም የተጣራው የባትሪ ውሃ እንጂ የቧንቧ አይደለም።»

ሃያ ዓመት ሙሉ የተጠቀመው አረንጓዴውን ኩላንት ነበር። በሃያኛው ዓመት መጨረሻ በርሜሉ አለቀና አዲሱ ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ በምትኩ ሮዝ አመጣ።

ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊው ባዳ አልነበረም፤ የእህቱ ባል ነው። ከገባ አራት ወሩ ነው። ፈጣን ምላስ፣ ፈጣን እግርና የማያልቅ ሳቅ ያለው ሰው ነው። ሁለት ቁልፍን ከሁሉም ይልቅ ያልጣመው ያ ሳቅ ነበር። ብዙ የሚስቅ ሰው የሚሸፍነው ነገር ያለው ይመስለዋል። እሁድ እሁድ እህቱ ቤት ምሳ ሲበላ አማቹ ቀልድ ባመጣ ቁጥር ይስቃል፤ ሳቁ ግን ከአንገት በላይ ነው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ የቤት ምግብ የሚያገኘው በዚያች በእሁድ ቀን ብቻ ስለሆነ ነገሩን አያከርም።

ሮዙ ኩላንት በስድስት ጀሪካን ታሽጎ ሲመጣ ሁለት ቁልፍ አንዱን አንስቶ ወደ ብርሃን ያዘው። ልጥፉ ላይ ካሉት ፊደሎች አንዷ ትንሽ ዘመም ብላለች። ሌሎቹን አየ። ሁሉም ላይ ዘማለች።

«ጋሼ፣ ሁሉም ላይ ከዘመመችማ አታሚው ነው የዘመመው» አለ አማቹ እየሳቀ።

ሁለት ቁልፍ አልሳቀም። ከየት እንደመጣ፣ ማን እንዳመጣው፣ አረንጓዴው ለምን እንደቀረ አንድ በአንድ ጠየቀ። አማቹ የመመሪያውን ወረቀት ዘርግቶ አነበበለት። ሮዙ ለብዙ ዓመት ሳይቀየር ያገለግላል፣ ለመኪኖቹ ዓይነት ሞተር የተሠራ ነው፣ ከአረንጓዴው ጋር ግን መደባለቅ የለበትም፤ ሁለቱ ሲገናኙ እየረጉ ቱቦ ይደፍናሉ። ደግሞም ቀለም አያታልልህ አለው፤ አንዱ ፋብሪካ ሮዝ ያለውን ሌላው ቢጫ ይለዋል፤ መታመን ያለበት የተጻፈው እንጂ ቀለሙ አይደለም። ይሄ የመጨረሻው ነገር እውነት መሆኑን ሁለት ቁልፍ ያውቃል። ከአማቹ አፍ መውጣቱ ነው ጉሮሮው ላይ የተሰነቀረው።

ስለዚህ ፈተና አበጀለት። ቤቱ ያለውን ትንሽ ማቀዝቀዣ ባዶ አደረገና በረዶ ቤቱ ውስጥ ክዳን ያላቸው ሦስት ብርጭቆዎች ደረደረ፤ አንዱ ንጹሕ ውሃ፣ አንዱ ውሃ የበዛበት ድብልቅ፣ አንዱ ግማሽ በግማሽ። ማንም ተሳስቶ እንዳይጠጣው በላያቸው ላይ በቀይ «መርዝ» ብሎ ጻፈ፤ ከእሱ በቀር ቤቱ የሚገባ ሰው ግን አልነበረም። በማግሥቱ ውሃው ድንጋይ ሆኗል፣ ቀጭኑ እንደ ገንፎ ረግቷል፣ ግማሽ በግማሹ እንደገባ ፈሳሽ ነው። ቀጥሎ የአንዱን መኪና አረንጓዴ አፍስሶ፣ አጥቦ፣ ሮዙን ሞላበትና አሸዋ አስጭኖ በቀትር ዳገት ለዳገት ሲያመላልሰው ዋለ፤ የሙቀት መለኪያው ቀስት ከመሃል ፈቀቅ አላለም። በአምስት ትንንሽ ኳሶች የሚሠራ የእጅ መለኪያም አለው፤ ፈሳሹን ሲመጥጡት ኩላንቱ በቂ ከሆነ ኳሶቹ ሁሉ ይንሳፈፋሉ። አምስቱም ተንሳፈፉ።

ሮዙ አለፈ። ግን ለሁለት ቁልፍ ፈተና ያለፈ ተማሪ ሁሉ የኮረጀ ነው የሚመስለው፤ ልቡ አላረፈም። «ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር» እያለ፣ አረንጓዴውን ለጉዞ ከሚወጣው መኪና አፍስሶ፣ ውስጡን በባትሪ ውሃ ጥርት እስኪል አጥቦ፣ ሮዙን ከሌላ ጀሪካን ግማሽ በግማሽ በገዛ እጁ ሞላ። ለመንገድ መጠባበቂያ ደግሞ ያንኑ ድብልቅ አሥር ሊትር በጀሪካን አድርጎ አፉን በሽቦ አሰረውና ለሹፌሩ ሰጠው።

ሹፌሩ «ጋሽ ዝግታ» ይባላል። በጎበዝ እግረኛ ልክ ነው የሚነዳው፤ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ዶሮ እንኳ አልገጨም። ጡረታ ሊወጣ አሥራ ስምንት ወር ቀርቶታል። ከሁለት ቁልፍ ጋር አብረው አርጅተዋል፤ ሻይ የሚጠጡት ከአንድ ጣሳ ነው ማለት ይቻላል። ጣቢያዎቹን የምትጠግነው ባለመሣሪያዋ ከጎኑ ተቀመጠችና ሰኞ ጠዋት ወጡ። በረሃው ሁለት ቀን፣ ተራራው ሁለት ቀን፣ ዓርብ ሊመለሱ።

ዓርብ ሳይሆን ሐሙስ ረፋድ ላይ ስልክ ተደወለ። ከተራራው ሥር ካለች መንደር ነበር። መኪናው ተራራ ላይ ቀርቷል፣ ራዲያተሩ ተሰንጥቋል፣ ባለመሣሪያዋ በብርዱ ደረቷ ታሞ በበቅሎ አውርደዋታል።

ሁለት ቁልፍ ሁለተኛውን መኪና አስነስቶ ራሱ ሄደ። ተራራው ላይ የደረሰው በማግሥቱ ወደ እኩለ ቀን ገደማ ነው። ጋሽ ዝግታ ጋቢ ደራርቦ መኪናው ውስጥ ኩርምት ብሎ አገኘው። የራዲያተሩ የታች ጫፍ እንደ በሰለ ፍሬ ተተርትሯል። ጥላ ላይ የነበረው ቱቦ ውስጥ አሁንም ያልቀለጠ በረዶ አለ። ሮዝ ነበር፣ ግን የሕፃን ጥፍር የመሰለ፣ ሐመር ሮዝ። አቅልጦ በመለኪያው መጠጠው። ከአምስቱ ኳሶች አንዷ ብቻ ቀስ ብላ ተነሣች።

«ምን ጨመርክበት?» አለው ሹፌሩን።

«ከሰጠኸኝ ጀሪካን በቀር ምንም» አለ ጋሽ ዝግታ። ይህን ሲል ጎማውን ነበር የሚያየው።

ሁለት ቁልፍ በሌላ ቀን ቢሆን ያንን የዓይን ሽሽት ይይዘው ነበር። ያን ቀን ግን ጥርጣሬው አድራሻውን አግኝቶ፣ በሩን አንኳኩቶ፣ ገብቶ ተቀምጧል። ሌላ እንግዳ የሚያስተናግድበት ቦታ አልነበረውም። መኪናውን እየጎተተ ሲመለስ መንገዱን ሙሉ ነገሩን በልቡ ሰፋው። ለፈተና የቀረበለት ጀሪካን ደህናው ነበር፤ ለመኪናው የተሰጠው ግን በውሃ የቀጠነ፣ በቀለም የተነከረ ነው። ፊደሏ ለምን ዘመመች? ሰውየው ለምን ሁልጊዜ ይስቃል?

ሰኞ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገብቶ ያየውንና የጠረጠረውን እንዳለ ተናገረ። አማቹ ተጠራ። ሰውየው ቆሞ ሲሰማ ሳቁ ከፊቱ ላይ ቀስ እያለ ጠፋ፤ ነገሩ ተነግሮ ሲያልቅም «ጋሼ፣ መጀመሪያ እኔን ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት?» አለ። ነገሩ እስኪጣራ ከሥራ እንዲታገድ ተወሰነና የግምጃ ቤቱን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወጣ፤ ለጊዜው የተረከበው ሁለት ቁልፍ ነው።

ከሰዓት በኋላ እህቱ ጋራዡ መጣች። ከተወለደች ጀምሮ እዚያ ግቢ ረግጣ አታውቅም። ጮኸች እንዳይባል ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው የተናገረችው፤ ሁለት ቁልፍ ብትጮህ ይሻለው ነበር።

«ወንድምጋሼ፣ እሱን ከጠረጠርክ እኔንም ጠርጥረኝ። አንድ ቤት ነው የምንኖረው፤ የሚበላውን ነው የምበላው። ቆሽሾ ከሆነ እኔም ቆሽሻለሁ።»

ይህን ብላ ዞራ ሄደች። በዚያ ሳምንት እሁድ ቤቱ ቁጭ ብሎ ደረቅ ዳቦ በላ። ደወለላት፣ አላነሣችም።

እንደ ደንቡ ማስረጃ ማቅረብ ነበረበት። ከስድስቱ ጀሪካኖች አንዱን ራሱ ከፍቶ ለመኪናው ተጠቅሞበታል፤ ለፈተና የተከፈተውን ጨምሮ የቀሩትን አምስቱን አወጣና አንድ በአንድ ለካ። አምስቱም ጀሪካን ውስጥ አምስቱም ኳሶች ተንሳፈፉ። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ያቆም ነበር። እሱ ግን «ለውጦ መልሶታል» አለ። መቼ ለወጠ? ከሰኞ ጀምሮ ቁልፉ እኔ ዘንድ አይደለም እንዴ? «ከዚያ በፊት።» ስልኩ ከተደወለ በኋላ በሦስት ቀን ያን ሁሉ ደህና ኩላንት ከየት አመጣ? ይህን ጥያቄ ለራሱ ጠይቆ ራዲያተሩን ወደ መፍታት ሄደ።

የራዲያተሩን ሆድ ሲከፍተው ውስጡ ነጭ ቅርፊት ይዟል፤ ሲነኩት እንደ ኖራ ይፈረፈራል። ከሁለት ሳምንት በፊት በባትሪ ውሃ ጥርት አድርጎ ያጠበው ራዲያተር ነው። የባትሪ ውሃ ደግሞ ቅርፊት የለውም። መኪናውን ከፊት እስከ ኋላ ፈተሸ። ከኋላ ወንበር ሥር አንድ ቢጫ ጀሪካን አገኘ፤ ግርጌው ላይ ሁለት ጣት የሚሆን ውሃ ቀርቶበታል። ኩላንት አይደለም፣ አይሸትም፣ ቀለም የለውም። በብረት ክዳን አድርጎ እሳት ላይ ጣደው። ውሃው ተንኖ ሲያልቅ ክዳኑ ላይ ነጭ ነገር ቀረ። በጣቱ ጫፍ ነክቶ ምላሱ ላይ አደረገው።

ጨው ነበር።

ከተማው ውስጥ ጨዋማ ውሃ የሚባል የለም። ሁለት ቁልፍ የሚያውቀው ጨዋማ ውሃ አንድ ብቻ ነው፤ በረሃው ጣቢያ አጠገብ ያለው፣ ግመል እንኳ ተለማምጦ የሚጠጣው ጉድጓድ። ያን ከሰዓት ሙሉ አንዲት ጣሳ ላይ ተቀምጦ አማቹን ከከተማው አንስቶ እዚያ ጉድጓድ ዘንድ የሚያደርስበት መንገድ ፈለገ። በየትም ቢዞር አላደረሰውም። አማቹ መኪና ሲሳፈር እንኳ ሆዱን የሚያመው፣ ከከተማ የማይወጣ ሰው ነው።

በማግሥቱ ባለመሣሪያዋን ሊጠይቅ ቤቷ ሄደ። አልጋዋ ላይ ትራስ ተደግፋ፣ ትኩስ ሾርባ በሁለት እጅዋ ይዛ አገኛት። ስለ ሕመሟ ጠየቃት፣ እየተሻላት እንደሆነ ነገረችው። ከዚያ ስለ ጉዞው ሊጠይቃት አፉን ሲከፍት ቀደመችው።

«አለቃ፣ የእህትዎ ባል ከሥራ ታገደ የሚሉት እውነት ነው?»

እውነት እንደሆነ ነገራት። ሳህኑን አስቀመጠች። ጋሽ ዝግታ እንዳትናገር እንደለመናት፣ እሷም ቃል እንደገባች፣ ሰው በሐሰት መታገዱን ከሰማች ግን እንቅልፍ እንዳጣች ነገረችውና ሁሉንም አወጣችው።

በሁለተኛው ቀን በረሃው መካከል አንድ የጭነት መኪና ቆሞ አገኙ። የመንገድ ሠራተኞችን ከነቤተሰባቸው ጭኗል፤ አሥራ ሰባት ሰው፣ ከመካከላቸው አንዲት እርጉዝ። የራዲያተሩ ቱቦ ፈንድቶ ውሃው አሸዋ ላይ ፈሷል። ከትናንት ጀምሮ ያለፈ መኪና የለም፤ የሚጠጡትም ሊያልቅ ደርሷል። ጋሽ ዝግታ ቱቦውን በጨርቅና በሽቦ አሰረ። ከዚያ የመጠጥ ውሃውን ለሰዎቹ አካፈለና የኩላንቱን ጀሪካን ሽቦ ፈትቶ አሥሩንም ሊትር የጭነት መኪናው ራዲያተር ውስጥ ገለበጠው። ሰዎቹ መረቁት። የጭነት መኪናው እያነከሰ ወደ ከተማው ሄደ።

መከራው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጣቢያው ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው ድንጋይ ተፈናጥሮ የራሳቸውን የታች ቱቦ መታውና ማሰሪያው ላላ። ሳያዩት ኩላንቱ ከግማሽ በላይ ፈሰሰ። ጋሽ ዝግታ ማሰሪያውን አጠበቀ፤ የሚሞላው ግን የለውም። የቀረው የጉድጓዱ ውሃ ብቻ ነው፤ በቢጫው ጀሪካን ቀድቶ እሱን ሞላበት። ከበረሃ ሲወጡ ካገኟት ከተማ ኩላንት ፈለገ፤ ያገኘው አረንጓዴ ብቻ። ሁለት ቁልፍ «ከአረንጓዴ ጋር እንዳትደባልቅ» ብሎ ሦስት ጊዜ አስጠንቅቆታል። አልደባለቀም። ተራራው ላይ ብርዱ ሲመጣ ሞተሩን እያስነሳ ሊያድር አሰበ፤ የሁለት ቀን ድካም ነበረበትና እንቅልፍ ጣለው። ሲነጋ ብረቱ ተሰንጥቆ ጠበቀው።

«ለምን ለእኔ አልተናገረም?» አለ ሁለት ቁልፍ።

ባለመሣሪያዋ መልሱን እሱ የሚያውቅ ይመስል አየችው። እውነትም ያውቅ ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ሹፌር መንገድ ላይ ለቆመ እንግዳ መለዋወጫ ጎማ ሰጥቶ ሲመለስ፣ ሪፖርት የጻፈበት ሁለት ቁልፍ ነው። ሹፌሩ ተባረረ።

ጋሽ ዝግታን ያገኘው ግቢው ውስጥ፣ የሁለተኛውን መኪና መስታወት ሲወለውል ነው። ሁለት ቁልፍ ክዳኑን ከነጨው መኪናው አፍንጫ ላይ አስቀመጠለት። ሹፌሩ ጨርቁን አጣጠፈ፣ ዘረጋ፣ እንደገና አጣጠፈ።

«ነገሩን ከሥሩ፣ ውሃውን ከጥሩ ይባላል» አለ በመጨረሻ። «እኔ ሁለቱንም ሳትኩ።»

«አማቼ ታግዶ እያየህ ዝም አልክ።»

«ዛሬ እናገራለሁ፣ ነገ እናገራለሁ እያልኩ ነበር። ሰው ቤት አፍርሼ ጡረታዬን ልበላ ነበር። እሱን አልክድህም፤ ነውሬ ነው።» ቀና ብሎ አየው። «አንተ ግን አንድ ነገር መልስልኝ። ያን ቀን ተራራው ላይ፣ ለአሥራ ሰባት ሰው ብዬ ሰጠሁት ብልህ ታምነኝ ነበር?»

ሁለት ቁልፍ «አዎ» ሊል ነበር። ሐሰት መናገር አይሆንለትም።

«አላምንህም ነበር» አለ። «ሸጥከው ነበር የምልህ።»

«እንግዲህ» አለ ጋሽ ዝግታ። «ሠላሳ ዓመት አብረን ጠጣን።»

 ከዚያ ጋሽ ዝግታ ጨርቁን ጎማው ላይ ሰቅሎ «ና፣ ሥራ አስኪያጁ ምሳ ሳይወጣ እንድረስበት» አለና ቀድሞ ሄደ። ያን ዕለት ፈጥኖ ሲራመድ ግቢው ተገርሞ አየው።

ሥራ አስኪያጁ ጋሽ ዝግታን እስከ መጨረሻው ሰማው። ለኩላንቱ ሳይሆን ለውሸቱ ነው የተቆጣው። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው፤ ጡረታው አልተነካም። ሁለት ቁልፍ ሳይጠየቅ ማስጠንቀቂያው ለእሱም እንዲጻፍ አመለከተ፤ ሳያጣራ ሰው ከስሷልና። የዚያ የተባረረ ሹፌር ጉዳይም እንደገና እንዲታይ ጠየቀ። ሰውየው ሌላ ቦታ ሥራ ይዞ ኖሮ አልመለስም አለ፤ ደብዳቤው ግን ስሙን አጠራለት።

የከበደው የእህቱ በር ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ሄዶ አንኳኳ። እህቱ ከፈተችና ግባም ውጣም ሳትል ወደ ጎን ቆመች። አማቹ ሳሎን ውስጥ የተሰበረ ወንበር ይጠግናል፤ ተነሥቶ በአክብሮት ጨበጠው፤ አልሳቀም። ሁለት ቁልፍ ሳይቀመጥ፣ ቆሞ፣ የሆነውን ሁሉ ነገራቸው።

«በድዬሃለሁ» አለው። «መጀመሪያ አንተን መጠየቅ ነበረብኝ። ይቅር በለኝ።»

አማቹ ወንበሩን ወደ ግድግዳው አስጠጋ። «ይቅር ብያለሁ፣ ጋሼ» አለ። «ሥራዬንም እመለስበታለሁ። ግን ከእንግዲህ ጀሪካን የሚከፈተው ሁለታችንም ቆመን ነው። ከእያንዳንዱም ትንሽ አሽገን እናስቀምጣለን፤ በአንተም በእኔም ፊርማ። ለአንተ ብዬ አይደለም፤ ለራሴ ነው።»

ሁለት ቁልፍ እስከዚያ ቀን ድረስ ሌላውን ይጠረጥር እንጂ ተጠርጥሮ አያውቅም ነበር። ሲሰማው ጆሮው ጋለ። ቢሆንም እሺ አለ።

ሰኞ ሥራ ተጀመረ። አማቹ በሥርዓት ይመጣል፣ ጀሪካን ሲከፈት ቆሞ ያያል፣ ይፈርማል፣ ይሄዳል። «ደህና አደርክ ጋሼ» ይላል። ቀልድ የለም። ሁለት ቁልፍ ያ የጠላው ሳቅ ከግቢው ሲጠፋ ግቢው እንደሚቀዘቅዝ አላሰበም ነበር። አዲስ ደንብ ወጣና መኪኖቹ ሁለት ሁለት ጀሪካን ድብልቅ መያዝ ጀመሩ፤ አንዱ ለራስ፣ አንዱ ለመንገደኛ። ሹፌሩ ለማን እንደሰጠ በአንድ መስመር ይጽፋል፤ ማንም አይጠይቀውም። ሁለት ቁልፍ አንዳንዴ ጽሑፉን ሲያነብ የድሮው አመሉ ይነሳበታል፤ «ይሄ እንኳ…» ይልና ይተወዋል።

እህቱ ከወር ከምናምን በኋላ ለእሁድ ምሳ ጠራችው። አማቹ ምግቡን አቀረበ፤ ሁለት ቁልፍም የቀረበለትን በላ። ምሳው ሊያልቅ ሲል አማቹ ቀና አለ።

«ጋሼ፣ መኪናው ለበረሃው ብቻ ቢሆንስ? ግማሽ በግማሽ ነው የምታደርገው?»

ሁለት ቁልፍ ወንበሩን ሳብ አደረገ። በረሃ ብቻ ከሆነ ውሃውን ከፍ ማድረግ እንደሚቻል፣ ነገር ግን ኩላንቱን ጨርሶ ማስቀረት ብረቱን ለዝገት አሳልፎ መስጠት እንደሆነ፣ ደግሞም «ለበረሃ ብቻ» የተባለ መኪና አንድ ቀን ተራራ መላኩ እንደማይቀር አብራራ። ለማሳየት ሦስት ብርጭቆ ወደ ራሱ ሰብስቦ በተለያየ መጠን ውሃ መቅዳት ጀመረ።

«ጠረጴዛዬን ጋራዥ አታድርገው» አለች እህቱ።

አማቹ ብርጭቆዎቹን አይቶ፣ ሁለት ቁልፍን አይቶ፣ ሳቅ አለ። ብዙ አልነበረም፤ የድሮውን ሩብ ያህል ቢሆን ነው። ከዚያ አራተኛ ብርጭቆ አቀበለው።